ሽንኩርት የሌለበት የሽንኩርት መድኃኒት

እህቴ ብዙ ነገር አይስማማትም። አቧራ አይስማማትም፤ ድመት አይስማማትም፤ እንቁላል አይስማማትም፤ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማና ከቡናው ጋር የሚጨሰው እጣን አንድ ላይ ሲሆኑማ ቤቱን ለቅቃ ነው የምትወጣው። ልጅ ሆነን "አትሞላቀቂ" ትባል ነበር። አለርጂ የሚለውን ቃል ቤታችን የለመደው ቆይቶ፣ አስሙ ከመጣ በኋላ ነው። እናቴ ግን እስካሁን "አይስማማትም" ማለቱን ትመርጣለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ የተሻለው ቃል እሱ ነው። ነገሩ የጠብ ጉዳይ ነውና፤ ሰውነት ምንም ካላደረገው ነገር ጋር የሚገጥመው ጠብ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለገና ሰሞን፣ ጀርመን ያለችው አክስታችን ሻንጣ ላከች። ከቸኮሌቱና ከጫማው መሐል ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ነበሩ። ውስጣቸው የሰሊጥ ፍሬ የሚያክል ነጭ እንክብል አለ። አንዱ ላይ "አሊየም ሴፓ ሲ30"፣ ሌላው ላይ "አፒስ ሲ30" ይላል። አክስቴ እዚያ አንዲት የሆሚዮፓቲ ሐኪም ታውቃለች። እህቴን በቪዲዮ አገናኝታት፣ እሷ መሐል ሆና እያስተረጎመች፣ አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። ስሞቹን ስፈልግ አሊየም ሴፓ ማለት ሽንኩርት ሆኖ አገኘሁት፤ አፒስ ደግሞ ንብ። እናቴ በቀን ሁለቴ የምትከትፈውን ሽንኩርት ከጀርመን አስመጣን ማለት ነው ብዬ ሳቅኩ። እህቴ አልሳቀችም።

እንክብሉን መምጠጥ ጀመረች። በጥቂት ሳምንታት ተሻላት። የምሬን ነው፣ በጣም ተሻላት። ማስነጠሱ ቆመ፤ ሌሊት መሳሏን ተወች። ቀስ በቀስ ጠዋትና ማታ የምትነፋውን ፓፍ አቆመች፤ የድንገተኛውንም ቦርሳዋ ውስጥ መያዝ ተወች። በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ከንፈሯ ጠቁሮ ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ኦክስጅን ተደረገላት፤ ተረፈች። እኔ ደግሞ በማግስቱ አልጋዋ አጠገብ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ለምን እንደተሳሳተች በቁጥር ማስረዳት ጀመርኩ።

ያን ማድረጌ አሁንም ያሳፍረኛል። ግን ያን ሰሞን ማንበብ የጀመርኩት ታሪክ አለቀቀኝም። የአለርጂና የሆሚዮፓቲ ታሪክ በአንድ ወገን ብልሆች፣ በሌላው ሞኞች የተሰለፉበት ይመስለኝ ነበር። ሳነበው ተቀላቅለው አገኘኋቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ሳሙኤል ሃነማን በ1755 ማይሰን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። ሐኪም ሆነ፤ በሙያው ግን ተማረረ። የዘመኑ ሐኪም ዋና መሣሪያ ምላጭና አልቅት ነበር፤ ደም ማፍሰስ፣ ማስቀመጥ፣ ማስታወክ። ሜርኩሪና አርሴኒክ እንደ መድኃኒት ይታዘዝ ነበር። ሃነማን ይሄ ሰውን የሚገድል ነገር ነው ብሎ በይፋ ከተቹት አንዱ ነው፤ ልክም ነበር። ቤተሰቡን ለማስተዳደር መጻሕፍት ወደ መተርጎም ዞረ።

በ1790 የስኮትላንዳዊውን ሐኪም የዊሊያም ከለንን መጽሐፍ ሲተረጉም አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከለን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ወባን የሚያድነው ጨጓራ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው ይላል። ሃነማን አላመነም። ጤነኛ ሳለ ቅርፊቱን ራሱ ወሰደና የወባ የሚመስል ስሜት ተሰማው፤ እጅ እግሩ በረደ፣ ልቡ መታ። ከዚያ ተነስቶ አንድ ሕግ አወጣ፦ በጤነኛ ሰው ላይ ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ ያንኑ ምልክት የያዘውን በሽተኛ ያድናል። እኛ "እሾህን በእሾህ" የምንለው ማለት ነው። ሐሳቡን በ1796 በጽሑፍ አወጣ፤ በ1810 "ኦርጋኖን" የተባለውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ቅርፊት የሚወጣው መድኃኒት ኩዊኒን ነው። እኛ ማንኛውንም እንክብል "ኪኒን" የምንለው ከዚሁ ቃል ነው። እህቴ የስኳር ኪኒን ስትመጥ፣ ቃሉም ሐሳቡም ከአንድ ዛፍ ነው የመጡት።

በሃነማን ሕግ ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል፣ አፍንጫ ያስፈስሳል፤ ስለዚህ ዓይኑና አፍንጫው ለሚፈስ ሰው ሽንኩርት ነው። ንብ ስትነድፍ ያሳብጣል፣ ያሳክካል፤ ስለዚህ ለሚያሳክክ እብጠት ንብ። ይሄ እስካሁን ቢያንስ የሚፈተሽ ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነው የከበደው። መርዞቹን በቀጥታ መስጠት ስለሚጎዳ ሃነማን መጠኑን ይቀንስ ጀመር። ጥሩ። ከዚያ ግን በየደረጃው እየመቱ ከናጡት፣ መድኃኒቱ በቀጠነ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል አለ። "ሲ" ማለት አንዱን በመቶ መበረዝ ነው። ሲ30 ማለት ይህንኑ ሠላሳ ጊዜ መድገም ነው፤ አንድ እጅ ሽንኩርት፣ ከኋላው ስድሳ ዜሮ ባለው ቁጥር ልክ ውሃ ወይም አልኮል ውስጥ።

በምድር ላይ ያለውን ውሃ በሙሉ፣ ውቅያኖሱን፣ በረዶውን፣ ዓባይን ጨምራችሁ፣ አንድ ጠብታ የሽንኩርት ጭማቂ ብትጥሉበት ሲ13 ገደማ ላይ ነው የምትደርሱት። ሲ30 ላይ ደርሳችሁ አንድ የሽንኩርት ሞለኪውል እንዲቀር ከፈለጋችሁ፣ ከአሥር ትሪሊዮን በላይ የሆኑ ምድሮች ውሃ ያስፈልጋችኋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። እናቴ ወጥ ውስጥ ከምትጨምረው ሽንኩርት አንዲት ቅንጣት እንኳ የለበትም።

ለሃነማን ፍትሐዊ ለመሆን፣ እሱ ይህን ማስላት አይችልም ነበር። የሞለኪውልን መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ የገመተው ሎሽሚት በ1865 ነው፤ ሃነማን ደግሞ በ1843 ፓሪስ ውስጥ ሞቷል። ለእሱ ውሃ እስከፈለጉት ድረስ የሚከፋፈል ነገር ነበር። ሕመምተኞቹም ይድኑ ነበር። በ1854 ለንደንን ኮሌራ ሲመታ፣ በከተማው የሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ከገቡት ከመቶ 16 ገደማ ሞቱ፤ በሌሎች ሆስፒታሎች ግን ከግማሽ በላይ የሞቱበት ነበር። በኮሌራ ፈሳሹ ያለቀበትን ሰው ደም ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነው። ሐኪሙ መርዝ ከሚሰጣችሁ፣ ምንም የማይሰጣችሁ ይሻላል። ሆሚዮፓቲ ስሙን ያተረፈው በዚህ ነው።

*

አሁን ወደ አለርጂ። በ1819 ጆን ቦስቶክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ ለሙያ ጓደኞቹ የአንድ ሰው ሕመም ታሪክ አነበበ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ዓይኑ ያብጣል፣ ያስነጥሳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ታማሚው ራሱ ቦስቶክ ነበር። ተመሳሳይ ሰው ፈልጎ በ1828 ሌላ ጽሑፍ ሲያቀርብ ያሰባሰበው 28 ታማሚ ብቻ ነው። ሕዝቡ በሽታውን "የድርቆሽ ትኩሳት" አለው። ቦስቶክ ግን ድርቆሹን አልጠረጠረም፤ የበጋው ሙቀት ነው ብሎ አሰበ።

ምክንያቱን ያገኘው ቻርልስ ብላክሊ ነው። በማንቸስተር የሚሠራ ሐኪም ነበር፤ የድርቆሽ ትኩሳትም ያሠቃየው ነበር። የሙያ ዓይነቱን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። የሆሚዮፓቲ ሐኪም ነው።

ብላክሊ በ1859 ጀምሮ ራሱን መፈተን ያዘ። የሣር አበባ ብናኝ ሰብስቦ አሸተተ፤ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ክንዱን ቧጥጦ ቁስሉ ላይ ቀባው፤ ሲያብጥ ለካው። ዛሬ በአለርጂ ክሊኒክ ክንዳችሁን እየጠቀጠቁ የሚያደርጉት ምርመራ አያቱ ይሄ ነው። ከዚያ የሚጣበቅ ነገር የተቀባ መስታወት ውጭ እያኖረ፣ በቀን ስንት ብናኝ እንዳረፈበት በማይክሮስኮፕ ቆጠረ። መስታወቱን በካይት ወደ ሰማይም ላከው። የብናኙ ቁጥር ሲወጣ ሕመሙ ይወጣል፤ ሲወርድ ይወርዳል። ውጤቱን በ1873 በመጽሐፍ አወጣ፤ ቻርልስ ዳርዊንም ጻፈለት።

ይህ ነው ያስጨነቀኝ። ስኳር ነው ብዬ የሳቅኩበት ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ እህቴ ቄጠማ አጠገብ ለምን እንደምታስነጥስ ለዓለም ያሳየው። ምናልባት ለዚህ ያበቃው የሃነማን ልማድ ይመስለኛል፤ ነገሩን በራስ አካል ላይ ሞክሮ መመዝገብ። ልዩነቱ፣ ብላክሊ ቆጠረ።

ሌላም ነገር አስተውሏል። ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥ የሚውሉት ገበሬዎች በዚህ በሽታ እምብዛም አይያዙም፤ የሚያዙት ከተሜውና የተማረው ናቸው። ይህን ሳነብ ጅማ ትዝ አለችኝ። በ1997 "ላንሴት" ላይ የወጣ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት አለ። አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ተገኘ። አያቴ ከከብት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደገችው፤ አንድ ቀን ስታስነጥስ አላየሁም። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አደግን።

*

ሰውነት በጣም ትንሽ ነገር እንዲህ የሚያናውጠው ከሆነ፣ ትንሽ መድኃኒትስ ለምን አይሠራም? የእህቴ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አለርጂ ትንሽ መጠን በእርግጥም ትልቅ ጉልበት የሚያገኝበት ቦታ ነው።

ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ በሞናኮው ልዑል መርከብ ላይ የባሕር እንስሳት መርዝ ማጥናት የጀመሩት በ1901 ነው። በኋላ የባሕር አኔሞኒ መርዝ ለውሾች ሰጡ። ከመጀመሪያው መጠን የተረፈ ኔፕቱን የተባለ ውሻ፣ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። መላመድ ጠብቀው ተቃራኒውን አገኙ፤ "አናፊላክሲስ" አሉት። በ1906 የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ "አለርጂ" የሚለውን ቃል ፈጠረ።

በ1911 ደግሞ ሊዮናርድ ኑን ለንደን በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሣር ብናኝ ጭማቂ ለታማሚዎች በመርፌ መስጠቱን አሳወቀ። መነሻ መለኪያው ከአንድ ግራም ብናኝ አንድ ሚሊዮንኛ የሚወጣው ነበር። ኑን ብዙም ሳይቆይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ሥራውን ባልደረባው ጆን ፍሪማን ቀጠለበት። ሕክምናው ዛሬም አለ።

ይሄም "እሾህን በእሾህ" አይደለም ወይ? ላዩን ስታዩት ነው፤ ውስጡ ግን መንገዱ ተቃራኒ ነው። ኑን ከትንሽ ተነስቶ መጠኑን እየጨመረ ሄደ፤ ሰውነት ቀስ እያለ እንዲለምድ። ሃነማን እየቀነሰ፣ ከዜሮም አልፎ ሄደ። አንድ ሚሊዮንኛ ግራም ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ስታበዙት ይጎዳል፤ ለዚህም ነው መርፌው በሐኪም ፊት የሚሰጠው። ሲ30ን ብልቃጡን ሙሉ ብትውጡት ምንም አትሆኑም።

*

ነገሩ እዚህ ላይ አላለቀም። በ1986 የግላስጎው ተመራማሪዎች የድርቆሽ ትኩሳት ላለባቸው 144 ሰዎች፣ ለገሚሱ ሲ30 የሣር ብናኝ፣ ለገሚሱ ባዶ እንክብል ሰጡ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። ሲ30 የወሰዱት ተሻላቸው። ጥናቱ "ላንሴት" ላይ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰ መጣ። ፈረንሳዊው ዣክ ቤንቬኒስት በአለርጂ ምርምር የተከበረ ስም ነበረው። በሰኔ 1988 "ኔቸር" ላይ እንዲህ አለ፦ የአለርጂ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያነቃ ንጥረ ነገር፣ አንድ ሞለኪውል እስከማይቀርበት ድረስ ተበርዞም ሕዋሳቱን ያነቃል። ጋዜጦች "ውሃ ያስታውሳል" ብለው ጮኹ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ማዶክስ ጽሑፉን ያተመው ቤተ ሙከራውን መጥቼ ካየሁ ብሎ ነው። ሄደ፤ ከእሱ ጋር ዋልተር ስቱዋርት የተባለ ሳይንቲስትና ጄምስ ራንዲ የተባለ አስማተኛ ነበሩ። የትኛው ቱቦ ውሃ፣ የትኛው ብርዝ እንደሆነ የሚናገረውን ቁልፍ በፖስታ አሽገው ጣሪያ ላይ ለጠፉት። ሠራተኞቹ ሳያውቁ ሲቆጥሩ ውጤቱ ጠፋ። ቤንቬኒስት በ2004 እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም።

ሰዎቹ ዋሹ የሚል ነገር አያስፈልገኝም። እኔም በሥራዬ አድርጌዋለሁ። አንድ ማታ ሰርቨር ሲንቀረፈፍ አንድ መስመር ኮድ ቀየርኩ፤ ፍጥነቱ ተመለሰ፤ "ፈታሁት" ብዬ ቡድኑ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። በኋላ ሎጉን ሳየው፣ ያን ሰዓት ተጠቃሚዎቹ ተኝተው ነበር። ማየት የፈለግኩትን ነው ያየሁት። የጣሪያው ፖስታ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ ከሌባ ለመጠበቅ ሳይሆን ከራስ ተስፋ።

የግላስጎው ውጤትም በትልቁ ሲደገም አልቆመም። በ2002 የአቧራ ትል አለርጂ ያለባቸው 242 የአስም ታማሚዎች በተመሳሳይ መንገድ ተፈተኑ፤ ሲ30 ከባዶው አልተሻለም። "ሆሚዮፓቲ እንደ ሰውየው ጠባይ ነው የሚታዘዘው" ለሚለው ደግሞ፣ በ2003 አስም ያለባቸው 96 ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ በታዘዘ መድኃኒት አንድ ዓመት ተከታትለው ታዩ። ከባዶው ጋር ልዩነት አልተገኘም።

እህቴስ ለምን ተሻላት? ሻንጣው የመጣው ታኅሣሥ ነው፤ ሣሩ አብቦ ደርቆ ነበር። ፓፉ የሠራው ሥራ ደግሞ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሸሸው። መጋቢት ላይ አቧራው ሲነሳ የሚከላከልላት ነገር አልነበረም። ሎጉ እንደዚያ ነው የሚለው።

*

ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ያልኳት ይህን ነው፤ ስድሳውን ዜሮ ሳይቀር። ጨርሼ ስዘጋ ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ አነሳችና፦

"ሴትየዋ አንድ ሰዓት ተኩል አዳመጠችኝ" አለች። "እንቅልፌን ጠየቀችኝ። ሲያፍነኝ ምን እንደምፈራ ጠየቀችኝ። አንተ እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

መልስ አልነበረኝም። ለካ እሷ መልስ የፈለገችበት ጥያቄ ሌላ ነበር።

በኋላ በ2011 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አገኘሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 83 ሰዎች ተከፋፍለው፣ ገሚሱ ረጅሙን የሆሚዮፓቲ ምክክር አገኙ፣ ገሚሱ አላገኙም፤ ገሚሱ እንክብሉን ወሰዱ፣ ገሚሱ ባዶውን። ምክክሩን ያገኙት ተሻላቸው። እንክብሉ የጨመረው ነገር የለም። ይህን ጥናት ለእህቴ አላነበብኩላትም። እሷ ቀድማ ነግራኛለች።

እንግሊዝ የመንግሥት ሐኪሞቿ ሆሚዮፓቲ ማዘዝ እንዲያቆሙ በ2017 መከረች፤ ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ ወጪውን መሸፈን ተወች። በውሳኔዎቹ እስማማለሁ፤ ለስኳር የሕዝብ ገንዘብ አይከፈልም። ግን እንክብሉ ሲወጣ ያ አንድ ሰዓት ተኩልም አብሮ ይወጣል። የእኛ ሐኪም በር ላይ ያለውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ሐኪሙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከኋላችሁ አርባ ሰው አለ።

እኔና እህቴ አንድ ደብተር ገዛን። በየቀኑ ቀን፣ የበላችውን፣ አቧራ መኖር አለመኖሩን፣ ስንት ጊዜ እንደሳለች፣ ፓፉን ስንቴ እንደነፋች ትጽፋለች። ብላክሊ ብናኝ እንደቆጠረው። ቀጠሮ ሲደርስ አብሬያት ገብቼ ደብተሩን ለሐኪሙ እንሰጠዋለን፤ ሰባቱም ደቂቃ ሥራ ላይ ይውላል። የመጨረሻው ዓምድ "ምን ፈራሁ" ይላል። እሱን ሐኪሙ አያነበውም። እኔ ነኝ ማታ ማታ የማነበው።

ብልቃጦቹ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አሉ። እናቴ "የእህቴ ስጦታ ነው፣ አይጣልም" አለች። ፓፉ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆመን እናያለን።

ባለፈው ፋሲካ ቄጠማውን ትተን ወለሉን ባዶ አደረግነው። እናቴ ቅር አላት። እህቴ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ከእኛ ጋር ተቀመጠች።